ወረፋው መጨረሻ ላይ የሚቆመው ማነው?

(ይህ መጋቢት 20 ቀን ድሬዳዋ ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። ጽሑፉን ላክልን ያላችሁኝ ስለበዛችሁ፣ እንደተናገርኩት አስቀምጬዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ? እናቶች፣ አባቶች፣ እንደምን ዋላችሁ? አሰላሙ አለይኩም። ልጆች፣ ሰላም ነው? ከሐረር ድረስ የመጣችሁም እንዳላችሁ አይቻለሁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። በዚህ ሙቀት፣ ያውም ከምሳ በኋላ፣ የድሬ ሰው ከቤቱ አይወጣም። እናንተ ግን መጣችሁ። እግዜር ይስጥልኝ። ከኋላ የቆማችሁ ልጆች፣ እዚህ ፊት ለፊት ወንበር አለ፤ ኑ፣ ተቀመጡ።

ዛሬ መጋቢት 20 ነው። ቀኑን ሆን ብዬ ነው የመረጥኩት። መጋቢት 20 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ሐረርን በቦምብ ደበደቡ። ሐረር ክፍት ከተማ ናት፣ አትንኳት ተብሎ ታውጆ ነበር። ቦምቡ ግን ወረደ። ልክ በአምስት ዓመቱ፣ በዚያው ቀን፣ መጋቢት 20 ቀን 1933፣ የደቡብ አፍሪካ ጦር እዚህ ድሬዳዋ ገባ። የጣሊያን ነገር በዚች ከተማ በዚያው አበቃ። እስቲ አስቡት፤ በአንድ ቀን ሁለት ታሪክ፣ መሀሉ ላይ አምስት ዓመት።

ታዲያ ዛሬ የማወራችሁ ስለ መድፍና ስለ ጄኔራል አይደለም። ስለ ማሽላ ነው። ስለ ሩዝ፣ ስለ ብር፣ ስለ ጓዳ ነው። ጦርነት ሲመጣ፣ ሰውም በገዛ አገሩ የሌላ ተገዢ ሲሆን፣ ጓዳው ምን ይሆናል? ጥያቄዬ ይኸው ነው።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛው ጎረቤታችን ጅቡቲ ነው። ሁለተኛው ቤንጋል ነው፣ ሕንድ ውስጥ። ሦስተኛው የተሸካሚዎቹና የወታደሮቹ ነገር ነው። በመሀሉ የቤቴን ታሪክ አስገባለሁ፤ ያለሱ ማውራት አልችልም።

አንዳንዶቻችሁ በሆዳችሁ "እኛ እኮ ቅኝ አልተገዛንም" እንደምትሉ አውቃለሁ። ልክ ናችሁ። አባቶቻችን አምስቱንም ዓመት በጫካ ሲዋጉ ነው የኖሩት። ግን ከተማ ውስጥ የቀረው ሰውስ? ልጅ የያዘችውስ? ጣሊያን ሐረር የገባው ሚያዝያ 30 ቀን 1928 ነው፣ ድሬዳዋ ደግሞ በማግስቱ፣ ግንቦት 1። ከዚያ ቀን ጀምሮ የገበያው ሕግ የሌላ ሰው ሕግ ሆነ። ስለዚህ የቅኝ ተገዢ ኑሮ ምን እንደሚመስል ቀምሰነዋል። ቀምሰነዋል።

አያቴ ቀፊራ ገበያ ማሽላ ትቸረችር ነበር። ጣሊያን ገብቶ ብዙም ሳይቆይ፣ ከእንግዲህ ገንዘብ ማለት ሊሬ ነው አለ። የኛ ሰው ደግሞ የለመደው ጠገራ ብሩን ነው፣ ማርትሬዛውን። ወረቀቱን ማን ይመነው? ብር ይመዘናል፤ ድንጋይ ላይ ሲወድቅ ድምፁ ይለያል። ወረቀት ምን ይላል? አያቴ አሥራ አንድ ጠገራ ብር ነበራት። መቀነቷ ውስጥ አንድ በአንድ ሰፋቻቸው። እንዳይንቃጨሉ በየመሀላቸው ጥጥ አስገባች። "ወታደር ሲመጣ ቀስ ብዬ ነበር የምራመደው፣ እንደ እርጉዝ" ትለኝ ነበር። አምስት ዓመት እንደ እርጉዝ ተራመደች።

ወረቀቱን ያመኑትስ? እንግሊዝ ሲገባ ደግሞ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ይዞ መጣ። ሰው ትናንት በግድ የለመደውን ሊሬ ዛሬ ትቶ ሌላ መቁጠር ጀመረ። የራሳችን የወረቀት ብር እንደገና የወጣው በ1937 ዓ.ም. ነው። በአሥር ዓመት ውስጥ ስንት ገንዘብ ተቀያየረ? ጠገራ፣ ሊሬ፣ ሽልንግ፣ ብር። በያንዳንዱ መቀያየር ደግሞ የሚከስረው የታወቀ ነው፤ ጥቂት የያዘው ሰው ነው። ብዙ የያዘው ቀድሞ ይሰማል፣ ቀድሞ ይመነዝራል።

እሺ፣ ወደ ጅቡቲ እንሂድ።

ይቺ ከተማ በባቡር የተወለደች ናት። ሐዲዱ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፣ ከጅቡቲ ተነስቶ። አባቴ የሽመንደፈር ሠራተኛ ነበር፤ የኔ ቤት ሰዓት የባቡሩ ፊሽካ ነበር። ጅቡቲ ለድሬ ልጅ ባህር ማዶ አይደለችም። ጅቡቲ አክስት ያለችበት ነው፣ ልብስ የሚመጣበት ነው፣ ዓሣ የሚበላበት ነው።

በ1932 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ፈረንሳይ በጀርመን ተሸነፈች። ጅቡቲን የያዘው አስተዳደር ለጀርመን ካደረው ከቪሺ መንግሥት ጋር ቆመ። እንግሊዝም ባህሩን ዘጋ። በ1933 ጣሊያን ከኢትዮጵያና ከሶማሌላንድ ሲባረር ደግሞ የየብሱም ተዘጋ። ጅቡቲ ዙሪያዋን ታነቀች። በዚያ ድንጋይና ጨው ላይ ምን ይበቅላል? ምንም። እህሉም አትክልቱም ከውጭ ነበር የሚገባው።

ገዢው እጅ አልሰጥም አለ። እንግሊዝ አልከፍትም አለ። ሁለት የአውሮፓ መንግሥታት ተፋጠጡ። የጅቡቲን ሶማሌ፣ የጅቡቲን አፋር፣ ከየመን መጥቶ የሚኖረውን አረብ ግን "አንተስ ምን ትላለህ?" ብሎ የጠየቀው የለም። አንድም! ሰው ድዱ መድማት ጀመረ፣ እግሩ ማበጥ ጀመረ፤ አትክልትና ደህና እህል ያጣ ሰው የሚታመመውን በሽታ ነው የምላችሁ። ከየመን በሌሊት በጀልባ እየሾለኩ እህል የሚያስገቡ ነበሩ። እነሱ ባይኖሩ ኖሮ ስንት ሰው ያልቅ ነበር? መዝጋቱ ያበቃው በታኅሣሥ 1935 ነው፣ አስተዳደሩ ጀርመንን መዋጋቱን ለቀጠለው ለፈረንሳዊው ጄኔራል ለደጎል ወገን ሲያድር።

የአገሬው ሰው ያንን ጊዜ "ዓርሚ" ይለዋል። ዓርሚ ምንድነው? ለከብት የሚሰጥ ሻካራ ማሽላ ነው። ሰው በላው። ዘመኑም በእሱ ተጠራ። ልብ በሉልኝ፤ የፈረንሳይ መዝገብ ስለ ቪሺና ስለ ደጎል ይጽፋል፣ የእንግሊዝ መዝገብ ስለ መርከብ ይጽፋል። ሕዝቡ ግን ዘመኑን የሰየመው በበላው ነገር ነው። በከብት መኖ።

በዚያ ጊዜ ከወዲያ በኩል ሐዲድ ሐዲዱን ይዘው ወደ ድሬ የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ አያቴ ናት የነገረችኝ። አንዲት ሴት ሰባት ዓመት የማይሞላት ልጅ ይዛ አያቴ በር ላይ ተቀመጠች። አያቴ ገንፎ አገነፋች፣ የማሽላ። ልጅቷ ግማሹን በላች። ግማሹን በእጇ ጨበጠችው። "ብዪ እንጂ" ስትላት አትበላም። ሲመሽ አያቴ ምንጣፉን ስታነጥፍ ገንፎው ግድግዳው ሥር ተደብቆ አገኘችው፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ። በማግስቱም እንደዚያው። በሳምንቱም እንደዚያው። አያቴ አልተቆጣቻትም። ጉንዳን እንዳይወረው ክዳን ያለው ጣሳ ሰጠቻት። "ይኸው፣ እዚህ አስቀምጪው" አለቻት። እናትየዋ ብዙም አልቆየች፣ አረፈች። ልጅቷ እኛው ቤት አደገች። እኔ እሷን አክስቴ ብዬ ነው ያደግኩት። ጣሳውንም አውቀዋለሁ፤ ኩሽና ጥግ ነበረ፣ ሁልጊዜ ውስጡ ደረቅ ቂጣ አይጠፋም።

ይቅርታ፣ ትንሽ ውሃ ልጠጣ።

አሁን ቤንጋል። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም ነገሩ በደንብ የሚታየው እዚህ ጋ ነው።

ቤንጋል ዛሬ ባንግላዴሽና የሕንድ ምዕራብ ቤንጋል ናቸው። የወንዝ አገር ነው፤ ሩዝና ዓሣ። ያኔ እንግሊዝ ትገዛው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1942 ጃፓን ጎረቤቱን በርማን ያዘች። ከበርማ ይመጣ የነበረው ሩዝ ቀረ። እንግሊዝ ደግሞ ጃፓን በባህር ትመጣብኛለች ብላ ፈራች። ምን አደረገች መሰላችሁ? በባህሩ ዳርቻ ያለውን ትርፍ ሩዝ አስነሳች፣ ጠላት እንዳይበላው። ከዚያ ጀልባዎቹን ወሰደች፣ ጠላት እንዳይሻገርባቸው። ከ40 ሺህ በላይ ጀልባ!

ጀልባ በዚያ አገር ምን ማለት ነው? እዚህ ብናስበው፣ አንድ ቀን ጠዋት ተነስተን የሐረርን መንገድ መኪና ሁሉ፣ ሁሉንም ባጃጅ፣ ሁሉንም አህያና ግመል መንግሥት ቢወስደው ማለት ነው። ቀፊራ ምን ይገባል? ዓሣ አጥማጁ ምን ይሠራል? ሸክላ ሠሪው ጭቃውን በምን ያመጣል?

በዚያ ላይ በጥቅምት ወር ከባድ አውሎ ነፋስ መጣ፣ ሰብል አጠፋ። የጦርነቱ ወጪ ደግሞ ገንዘብ ያሳትማል፤ የሩዝ ዋጋ ሽቅብ ወጣ፣ ወጣ፣ ወጣ። ካልካታ ውስጥ ለጦርነቱ የሚሠሩ ፋብሪካዎች ነበሩ፤ የነዚያ ሠራተኞች በቅናሽ ሩዝ ያገኙ ነበር፣ ምክንያቱም ጦርነቱ ይፈልጋቸዋል። የገጠሩ የቀን ሠራተኛ ግን ለጦርነቱ ምኑ ነው? ምኑም አይደለም። እሱ ወረፋው መጨረሻ ላይ ቆመ። እናንተ ወረፋ ታውቃላችሁ፣ የዘይት፣ የነዳጅ። ሰዓቱ ሲደርስ "አልቋል" የሚባለው ማነው? መጨረሻ ላይ ያለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1943 ሰው ከገጠር ወደ ካልካታ መትመም ጀመረ። የዚያን ዘመን ሰዎች የሚያስታውሱት አንድ ነገር አለ። የተራበው ሰው በየደጁ እየቆመ የሚለምነው ሩዝ አልነበረም። ሩዝ ስጡኝ ማለት አፈረ፣ ወይም ተስፋ ቆረጠ። የሚለምነው "ፌን" ነበር። ፌን ሩዝ ሲቀቀል የሚጠለለው ውሃ ነው። እኛ የምንደፋው ውሃ። ያንን ስጡን እያለ ነው ሰው መንገድ ላይ የሞተው። የሞተው ሕዝብ ቁጥር ከ2 እስከ 3 ሚሊዮን ይገመታል።

መንግሥትስ? የሕንድ ባለሥልጣናት ለንደንን እህል ላኩልን፣ መርከብ ስጡን ብለው ደጋግመው ጠየቁ። የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር የቸርችል የጦር ካቢኔ መርከቡ ለሌላ ይፈለጋል አለ፤ ከተጠየቀው እጅግ ያነሰ ነው የፈቀደው። ረሃብ ነው ተብሎም አልታወጀም። ለምን? ረሃብ ነው ከተባለ የመንግሥት ግዴታ በሕግ የተጻፈ ነበረ፣ መርዳት ግድ ሊሆን ነው። ስቴትስማን የሚባል የካልካታ ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1943 የሞቱትን ሰዎች ፎቶግራፍ እስኪያወጣ ድረስ ዓለም ዝም ብሎ ነበር።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቸርችል ክፉ ሰው ስለነበረ ነው ይላል። እኔ ይሄ አያረካኝም። አንድ ነገር ላሳያችሁ። በዚያው ጦርነት፣ በዚያው ዓመት፣ በዚያው መንግሥት ሥር፣ ለንደን ውስጥ እያንዳንዱ ሰው የራሽን ካርድ ነበረው። ቅቤው፣ ስኳሩ፣ ሥጋው ተመዝኖ ይሰጠው ነበር፤ ለሀብታሙም ለድሃውም። ጥቂት ነበር፣ ግን ማንም በረሃብ አልሞተም። ታዲያ ያ መንግሥት ማከፋፈል አይችልም ነበር? ይችላል! በደንብ ይችላል! ልዩነቱ ምንድነው? የለንደኑ ሰው ነገ ድምፅ ይሰጣል፣ ይቆጣል፣ ያወርዳል። የቤንጋሉ ገበሬ ለንደን ያለውን ሚኒስትር በምን ያወርደዋል?

አማርትያ ሴን የሚባል የዚያው አገር ሰው አለ፣ በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘ። ረሃቡ ሲመጣ ልጅ ነበር። በኋላ ሲያጠናው፣ ሰው የሚራበው እህል ከአገር ስለጠፋ ብቻ አይደለም፣ እህሉን የሚያገኝበት አቅምና መብት ሲያጣ ነው አለ። የኛን የወሎን ረሃብም አብሮ አጥንቶታል።

ወሎን ካነሳሁ አይቀር ሳልናገር አላልፍም። በ1965 እና 66 ወሎ ሲራብ ገዢያችን የውጭ ሰው አልነበረም። የራሳችን ነበር። ያኔም ረሃቡ ተደበቀ፣ ስም ተነፈገው። ቤንጋልም ውስጥ እህል የደበቁ የአገሬው ነጋዴዎች ነበሩ። ይህን ደብቄ ነጩን ብቻ ብወቅስ ለእናንተ ዋሸሁ ማለት ነው። ነገሩ የሚጀምረው ለተራበው ሰው መልስ መስጠት የማይገደድ ገዢ ሲኖር ነው። ቅኝ ግዛት ደግሞ ያንን ሕግ አድርጎ፣ ቢሮ ሰጥቶ፣ ማኅተም ሰጥቶ ያስቀመጠ አገዛዝ ነው። ጦርነት ሲጨመርበት ሰበብ አያጣም። "ጦርነት ነው፣ ቻሉት።" ማን ነው የሚችለው?

አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1943 መጨረሻ ወታደሩን አሰማርቶ ለቤንጋል እርዳታ ማድረስ የጀመረው አዲሱ የሕንድ እንደራሴ ዋቬል ነው። ይህን ስም የምታውቁት ትኖራላችሁ። በ1933 ጣሊያንን ከኢትዮጵያ ያስወጣው ዘመቻ ጠቅላይ አዛዥ እሱ ነበር። ከረን ላይ ያን ሁሉ ሳምንት ተዋግተው የወደቁት ደግሞ ብዙዎቹ የሕንድ ልጆች ናቸው። ለኛ ነፃነት የሞቱ ሰዎች አገራቸው ነፃ አልነበረችም። ወገናቸው በሁለት ዓመቱ የሩዝ ውሃ ሲለምን ሞተ።

ይህ ወደ ሦስተኛው ነጥቤ ያመጣኛል።

ከብዙ ዓመት በፊት ለመምህራን ሥልጠና ዳሬሰላም ሄጄ ነበር። ካሪያኮ ገበያ ሂድ፣ ሁሉን ታገኛለህ አሉኝ። ሄድኩ። ቀፊራን በአሥር አባዙት፣ እንደዚያ ነው። አንድ ጨርቅ የሚሸጡ ሽማግሌ ስለ ስሙ ጠየቅኳቸው፣ ስዋሂሊ መስሎኝ። አይደለም አሉኝ፤ "ካሪየር ኮር" ነው፣ የተሸካሚ ጦር ማለት ነው፣ እንግሊዝ ያሰፈረበት ቦታ ነው። ናይሮቢም ካሪዮኮር የሚባል ሰፈር አለ። የስሙ ምንጭ አንድ ነው።

በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት እንግሊዝና ጀርመን ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ ሲዋጉ መንገድ የለም፣ ፈረስና በቅሎውን ዝንብ ይገድለዋል። ስለዚህ ሰው ተጫነ። ጥይቱ፣ ዱቄቱ፣ የመኮንኑ አልጋ ሳይቀር በሰው ራስ ላይ። በእንግሊዝ በኩል ብቻ ወደ 95 ሺህ የሚጠጋ ተሸካሚ ሞተ። በጥይት መሰላችሁ? አብዛኛው በተቅማጥ፣ በወባ፣ በረሃብ ነው። ዱቄት ተሸክሞ በረሃብ! ቤቱስ? እሱ በሌለበት ማሳው ጦም አደረ፤ ያመረተውንም ሁለቱም ጦር እየተቀባበለ ወሰደው። ከዚያ በኋላ እዚያው ታንዛኒያ መሀል አገር የጎጎ ሕዝብ ያለቀበት ረሃብ መጣ። እነሱም ስም ሰጥተውታል፣ "ምቱንያ" ይሉታል። በሁለተኛው ጦርነት ደግሞ ሩዋንዳ፣ በቤልጅየም ሥር፣ ድርቁ ላይ የጦርነት መዋጮ ተደርቦ ሕዝብ አለቀ። "ሩዛጋዩራ" ይሉታል። ሁሉም ስም አለው። ሁሉም።

ሐረሮች፣ እናንተን ልጠይቅ። መጋቢት 17 ቀን 1933 ሐረር የገባው ጦር የማን ነበር? እንግሊዝ ትላላችሁ። አዛዡ አዎ። እግረኛው ግን የናይጄሪያ ልጅ ነው። ከጅጅጋ በላይ ማርዳ ላይ ተዋግቶ፣ በባቢሌ አድርጎ፣ ጀጎል የደረሰው እሱ ነው። ነፃ አውጥቶን ወደ ቤቱ ሲመለስ ማን ጠበቀው? ያው ገዢ። ናይጄሪያ ነፃ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው፣ ሐረር ከገባ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ።

የሴኔጋሉ ደግሞ ይብሳል። ለፈረንሳይ ተዋግተው፣ በጀርመን ተማርከው፣ ተፈትተው የተመለሱ አፍሪካውያን ወታደሮች ዳካር አጠገብ ቲያሮይ የሚባል ሰፈር ውስጥ ነበሩ። ውዝፍ ደመወዛችንን ስጡን አሉ። ሌላ ምንም አላሉም። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1 ቀን 1944 የፈረንሳይ ጦር ተኮሰባቸው። ያኔ የተነገረው ቁጥር 35 ሰው ነው፤ ከዚያ በላይ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ደመወዙን የጠየቀ ወታደር!

ልጆች፣ እነዚህን ስሞች ጻፏቸው። ዓርሚ። ፌን። ካሪያኮ። ምቱንያ። ሩዛጋዩራ። ቲያሮይ።

ሰዓቴ እያለቀ ነው፣ ምልክት እየሰጡኝ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልለምን። ከመጀመሬ በፊት እዚያ ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጡት እማማ ጠርተውኝ ነበር። እናታቸው ከዚያ ከዓርሚው ዘመን ጅቡቲ የተረፉ ናቸው። ማሽላውን እንዴት አድርገው እንደሚፈጩት፣ ጉሮሮ እንዳይቧጥጥ ምን እንደሚቀላቅሉበት ነግረዋቸዋል። እኔ ይህን በየትኛውም መጽሐፍ አላነበብኩም። ስልክ የያዛችሁ ልጆች መቅጃውን ክፈቱ። አንተ ልጅ፣ ማይኩን ውሰድላቸው። እማማ፣ አይነሱ፣ ተቀምጠው ይናገሩ፤ ገመዱ ይደርሳል።